ወደራ ድረስ

ረሆቦት ሥዩም ነገሌን የናቀችው ገና ከመኪና ሳትወርድ ነው። አባቷ አቶ ሥዩም ከሐዋሳ ተዛውረው የዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ በቀዩ አቧራ ውስጥ ሲገባ፣ በመስኮቱ አንድ ጊዜ አጮልቃ «ይሄ ነው ከተማው?» አለች። ከዚያ ወዲህም ሐሳቧን የምትቀይርበት ምክንያት አልታያትም። ባጃጁን ናቀች። ነፋሱን ናቀች። አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ እያጋቡ የሚያወሩትን የሰፈር ሴቶች ናቀች። ከሁሉ አብልጣ ግን የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ስላልመጣላት የገባችበትን የግል ኮሌጅ ናቀች፤ በየጠዋቱ መውደቋን የሚነግራት እሱ ነበርና።

ኮሌጁ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ያለ የኪራይ ቤት ነው። በኮምፒውተር ክፍሉ ከተደረደሩት ማሽኖች ግማሾቹ አይነሱም፤ የሚነሱትም ቫይረስ የጠገቡ ናቸው። የኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ የሚያስተምረው መምህር ዳዳቻ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነበር። በሴሚስተሩ ማብቂያ ላይ ጠመኔውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«የመጨረሻ ፈተና የለም። በፈተና ፋንታ የጥናት ጽሑፍ ትሠራላችሁ። ርዕሱ ‹ኮምፒውተር በከተማችን መሥሪያ ቤቶች› ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ በእግራችሁ ዞራችሁ፣ ጠይቃችሁ ትጽፋላችሁ። ከኢንተርኔት ገልብጦ የመጣ ዜሮውን ይዞ ይሄዳል። በምረቃው ሰሞን ደግሞ እንግዶች ተጠርተው በአማርኛ ታቀርባላችሁ።»

ጥንዶቹን በፊደል ተራ ጠራ። «ሚናስ ፈቀደ ከረሆቦት ሥዩም።»

ረሆቦት ዞር ብላ አየችው። ታውቀዋለች። አባቱ አቶ ፈቀደ ገበያው ዳር ፍራሽ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ልጁ ስፖንጅ ፍራሽ በራሱ ላይ ተሸክሞ አስፋልቱን ሲያቋርጥ፣ ከፍራሹ ሥር ሁለት እግሮች ብቻ ሲራመዱ ብዙ ጊዜ አይታለች።

አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ወደ ሀይማኖት ዘንበል ብላ፣ ግን ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ፍራሽ ሲሸከም እንጂ እስክሪብቶ ሲይዝ አይቼው አላውቅም» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ሚናስ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። እንደሚሰድባት ጠብቃ አገጯን ቀና አደረገች።

«ነገ ከሰዓት ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንጀምር?» አላት።

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። ቀኑን ሙሉ ውስጧን ሲከነክናት ዋለ።

---

በየመሥሪያ ቤቱ መዞር ጀመሩ። ረሆቦት እንደ መርማሪ ነው የምትጠይቀው። «ኮምፒውተር አላችሁ? ትሠሩበታላችሁ? ለምን አትሠሩበትም?» ሰዎቹ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ኃላፊው ሲመጣ ተመለሱ ይሏቸዋል። ሚናስ ግን ገና በሩ ላይ «አካም? ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ይገባል። ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ ሻይ ሲሰጡት ይጠጣል። ኮምፒውተሩ ወሬው መሐል በራሱ ጊዜ ይመጣል።

«የነጋዴ ምላስ» አለችው አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ፣ ከአቧራው አፍንጫዋን ሸፍና።

«ይረዳል» አላት።

ወደ አባቷ መሥሪያ ቤት የሄዱ ዕለት አቶ ሥዩም ለስብሰባ ወጥተው ነበር። ጸሐፊያቸው እትዬ አበባየሁ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው። በክፍሉ ጥግ፣ በክብር ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ቆሟል። ጫፉ በሮዝ ክር ተሠርቷል፤ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል።

«ኮምፒውተሩ ነው?» አለ ሚናስ።

«እሱ ነው። እንዳይበላሽ ብዬ በእጄ ሠርቼለት።»

«ታዲያ ደብዳቤውን በምን ይጽፋሉ?»

«በታይፑ ነዋ!» ብላ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ያረጀ የጽሕፈት መኪና በኩራት አሳየቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርግጥ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼ ካርታ እጫወትበታለሁ። ጎበዝ ሆኛለሁ! አደራ ለአቶ ሥዩም እንዳትነግሩ።» ይህን ካለች በኋላ ረሆቦት የማን ልጅ እንደሆነች ትዝ አላት። በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት!»

ሁለቱም ሳቃቸውን እስከ ግቢው በር ድረስ እንደምንም ያዙት። ከአጥሩ ጀርባ ሲደርሱ ግን ረሆቦት ግንቡን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ነገሌ ከገባች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል ሚናስ መሳቁን ትቶ እያያት ነበር። እሷም አየችው። ፍራሽ ተሸካሚ መሆኑ ለአፍታ ከሐሳቧ ጠፋ፤ ትዝ ሲላት ደግሞ የተናደደችው በእሱ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት በኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል አብረው ይቀመጡ ጀመር። ሚናስ በደብተር ይጽፋል፣ እሷ ትተይባለች። መብራት በድንገት ይሄድና ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ሁለቱም መብራቱ መሄዱን እንደማይጠሉ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አይናገሩም። የአማርኛውን ማቅረቢያ ሲጽፉ የአባቷ መሥሪያ ቤት ተራ ደረሰ።

«‹ኮምፒውተሩ የሙሽራ ልብስ ለብሶ እስከ ዛሬ ባል ይጠብቃል› ብለህ ጻፍ» አለችው።

«አባትሽ እኮ ናቸው።»

«ይሁኑ። የሚናቅ ነገር ይናቃል። ፈራህ?»

ሚናስ ሳቀና ጻፈው። እሷ ደግሞ ብዙ ቀን በሆዷ የያዘችውን ጠየቀችው። «የመጀመሪያ ቀን ክፍል ውስጥ ያልኩትን ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ፍራሽ እሸከማለሁ። ስድቡ የቱ ጋ ነው?»

ረሆቦት ፊቷን ወደ ኪቦርዱ መለሰች። ጣቶቿ አንድ ፊደል እንኳ አላገኙም።

---

ነገሌ ወሬ የምታሳድር ከተማ አይደለችም። እናቷ ወይዘሮ ደስታነሽ ሰሙ።

«የጀሪካን ነጋዴ ልጅ?» አሉ፤ ቃሉን የቆሸሸ ጨርቅ ይመስል በሁለት ጣት እንደያዙት ሆነው። «ከዚህ ሁሉ ሰው? የመሐንዲሱ ልጅ እያለልሽ?»

«እማዬ፣ የትምህርት ጉዳይ ነው።»

«ትምህርቱን ጨርሺና እጅሽን ታጠቢ።»

የእናቷ አነጋገር አሳፈራት፤ የገዛ ድምፅዋን የሰማች ስለመሰላት ይበልጥ አሳፈራት።

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ አበባ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ኋላ፣ የክብር እንግዶች ተቀመጡ፤ አቶ ሥዩም መሐላቸው ናቸው። ኃላፊዎቹ ጸሐፊዎቻቸውን ይዘው ስለመጡ እትዬ አበባየሁም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለች። አቶ ፈቀደና ባለቤቱ ቦጋለች ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ወንበር ሞልቶ አይደለም፣ ማንም ተቀመጡ ስላላላቸው ነው።

ሚናስ ታትሞ የመጣውን ማቅረቢያ ሰጣት። ተራቸው ከመድረሱ በፊት ገለጥ ገለጥ አደረገችው። የአባቷ መሥሪያ ቤት ጋ ስትደርስ ዓይኗን አላመነችም። ሙሽራው የለም። ባሉ የለም። በቦታው እንዲህ ይላል፦ «በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያላሰለሰ ጥረት ኮምፒውተሩ ለሥራው ቅልጥፍና ከፍተኛ አስተዋጽኦ በማድረግ ላይ ይገኛል።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

ሚናስ ወደ በሩ፣ ወደ አባቱ አየ። «ረሆቦት፣ በቃ እንዳለ አንብቢው።»

«ፈርተህ ነው?»

መስመሩን በጣቱ አሳያት። ያን ጣቱን ስታይ ያ ሁሉ ከሰዓት፣ ያ ሁሉ የመብራት መጥፋት ከልቧ ውስጥ እንደ ውኃ ሲፈስ ተሰማት። ከፊቷ የቆመው ኃላፊ ባየ ቁጥር ጎንበስ የሚል ባለሱቅ ነበር፤ ሌላ ሰው አድርጋው የኖረችው እሷ ናት።

ስማቸው ተጠራ። ረሆቦት ወረቀቱን እዚያው ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። በቃሏ ሁሉን ተናገረች። ዳንቴሉን ተናገረች፤ የፕላስቲክ አበባውን ተናገረች፤ ሙሽራውንና ያልመጣውን ባል ተናገረች። አዳራሹ መሳቅ ሲጀምር ሳቁ ጣፈጣትና የምሳ ሰዓቱን ካርታም ጨመረች። ሰው ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። አቶ ሥዩም ቀስ ብለው ተነሱ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሳቁ ያን ጊዜ በአንድ አፍታ ቀጥ አለ።

ውጭ፣ አጥሩ ጥግ፣ ሚናስ ደረሰባት።

«ናቅኩህ» አለችው፣ ገና አፉን ሳይከፍት። «የሰደብኩህ ቀን እንኳ እንዲህ አልናቅኩህም ነበር። ወንድ መስለኸኝ ነበር።»

ሚናስ ገረጣ። «አንቺ ደፋር ነሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ እና ሄደ።

ረሆቦት ጀርባውን እያየች ቆመች። አሸንፋለች። የማሸነፍ ጣዕሙ እንዲህ መራራ መሆኑን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

---

በሳምንቱ የአቶ ፈቀደ ሱቅ ታሸገ። ፈቃዱ ችግር አለበት ተብሎ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ረሆቦት ከሀይማኖት ሰምታ እየሮጠች ሄደች። ቦጋለች ከታሸገው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገጯን በእጇ ይዛለች። ሚናስ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ አልተለወጠም።

«ሚናስ፣ ይሄ ከእኔ ጋር…»

«ከአንቺ ጋር ነው።»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት!»

«እውነቱን ነው።» ድምፁ አልጨመረም። «አንቺ ስትናገሪ አባትሽ ይቆጣሻል፤ እራትሽን ግን ትበያለሽ። እናንተ ትመጣላችሁ፣ ትዛወራላችሁ። እኛ እዚሁ ነን። አዎ፣ ፈርቼ ነው የሰረዝኩት። አባቴ እንግዳው ማን እንደሆነ ሲሰማ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። የአንቺ ድፍረት ደግሞ ይኸው።» በሩን አሳያት። «እትዬ አበባየሁስ? አደራ እንዳትነግሩ ብላሽ አልነበረም? ዛሬ ከፋይል ክፍል ወለል ላይ አቧራ ታራግፋለች። ያ ሁሉ ሰው የሳቀው በአባትሽ መሰለሽ? በእሷ ነው የሳቀው።»

ረሆቦት በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች።

«ናቅኩህ አልሽኝ» አለ ሚናስ። «አሁን ተራው የእኔ ነው። ሂጂልኝ።»

ቦጋለች ቀና ብላ አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። ረሆቦት ቁጣ ቢሆን ትመርጥ ነበር። ገበያውን አቋርጣ ስትመለስ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፣ እና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ያነሰች ሆና ተሰማት።

አባቷ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ።

«አባዬ፣ የነአቶ ፈቀደን ሱቅ አስከፍት።»

«እኔ አላሳሸግሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

አቶ ሥዩም ሬዲዮውን ቀነሱ። «አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መናገር አያስፈልገውም፤ ፊቱን ማጥቆር ይበቃዋል። የቀረውን ሊያስደስቱት የሚፈልጉ ሰዎች ይጨርሱለታል።» ይህን ሲሉ በከንፈራቸው ጥግ የሆነች ኩራት ብልጭ አለች። ረሆቦት ናቀቻቸው። ግን ያን ፊት ታውቀዋለች፤ በመስታወት ውስጥ ዕለት ዕለት የምታየው ነው።

«ምን ላድርግ?» አለች።

«ኮሌጁ ሄደሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ የተናገርኩት ከራሴ የፈጠርኩት ነው ትያለሽ። ከዚያ ሐዋሳ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ያን ልጅ አታገኚውም። ማይልኝ።»

«ሱቁና እትዬ አበባየሁስ?»

«ፊቴ ሲፈታ ያዩታል።»

ማለች። በምረቃው ዋዜማ ሕዝቡ እንደገና ተሰበሰበና ረሆቦት ሚናስ የጻፈውን ያንኑ ወረቀት ይዛ ወጣች። «ባለፈው የተናገርኩት ሐሰት ነው። ለማሳቅ ብዬ የፈጠርኩት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያላሰለሰ ጥረት…» ድምፅዋ አልተሰበረም። መምህር ዳዳቻ መሬት መሬቱን ያያል። ከኋላ አንዱ «ቱ!» አለ። ደፋር ሲሏት የሰነበቱት ሁሉ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ አየች። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አነበበችው፤ ስትቀመጥ ውስጧ እንግዳ ጸጥታ ነበር። ስለ ሌላ ሰው ብሎ ንቀትን መቀበል እንደሚቻል አታውቅም ነበር።

---

ሱቁ ተከፈተ። እትዬ አበባየሁ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ረሆቦት ሻንጣዋን ይዛ፣ እናቷ እስከ መናኸሪያ ሸኝተዋት፣ ጠዋት በሚወጣው አውቶብስ ተሳፈረች። ከጎኗ በመስኮቱ በኩል ጸጉሯን ቅቤ የተቀባች አንዲት ጉጂ እናት ተቀምጣለች፤ በመተላለፊያው በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ከከተማው መውጫ ላይ አውቶብሱ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። ሚናስ ገባ።

መተላለፊያውን ይዞ መጣና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንዳላገኝህ ምያለሁ» አለች ፊት ፊቷን እያየች።

«አላገኘሽኝም። እኔ መንገድ ላይ ወደራ ከተማ ዕቃ ልጠይቅ ነው የምሄደው።»

መንገዱ ከቀዩ ሜዳ መሐል ይጠማዘዛል፤ ግራሮቹ በመስኮቱ ያልፋሉ።

«ለምን አነበብሽው?» አለ በመጨረሻ።

«ፈርቼ።»

«አንቺ? ማንን?»

«አንተን። እንደናቅከኝ እንዳትቀር ፈርቼ።»

ሚናስ ጣቶቹን አቆላለፈ። «ንቄሽ ነበር። ከልቤ። ሂጂልኝ ካልኩሽ በኋላ ግን ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። እናቴ ‹ማንን ነው የምትጠብቀው?› ብላ ጠየቀችኝ። ረሆቦት፣ የናቁት ሰው እንዲህ ይጠበቃል?»

እጇን ወንበሩ ላይ አኖረች፤ እጁ መጥቶ ሸፈናት። ሸካራ ነበር፣ ሙቅ ነበር።

«ሐዋሳ ትመጣለህ?»

«አባቴ ብቻውን ሱቁን አይችለውም። እመጣለሁ ብዬ አልዋሽሽም።»

«ዋሸኝ። እኔ እንኳ በሕዝብ ፊት ዋሽቻለሁ።»

«አንቺን አልዋሽም። እንዳልረሳሽ ግን አውቃለሁ። ያን ያህሉን አውቃለሁ።»

«ወደራ! ወደራ ወራጅ!» ረዳቱ ጮኸ።

ሚናስ ተነሳ። እጇን ለመልቀቅ የፈጀበት ጊዜ አውቶብሱን ሁሉ ዞር አስባለ። ወረደ። ከገበያተኛው መሐል፣ ከአህያና ከጆንያ መሐል ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ሞተሩ ሲነሳ ረሆቦት የጎረቤቷን ጭን ተሻግራ መስኮቱን ከፈተች፤ ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ ሰው ያየኛል ሳትል፣ «ሚናስ! እወድሃለሁ! ሰምተሃል? እወድሃለሁ!» ብላ ጮኸች።

አውቶብሱ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። ሚናስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይታወቅ፣ በአቧራው ውስጥ ቀረ።

ረሆቦት ወንበሯ ላይ ወደቀች። የጉጂዋ እናት የተጨማደደ ልብሷን አስተካክላ አየቻት።

«ባልሽ ነው?»

አይደለም ልትል ነበር። አፏ ግን፣ በኦሮምኛ እናቴ ብሎ ጠርቷት፣ ሌላ ተናገረ።

«ገና ነው፣ አዴ።»

ያን «ገና» ከገዛ አፏ ስትሰማ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ መጡባት፤ ቅቤ በሸተተው ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።